የዘመነ ዮሐንስ ጉርሻ

ወንድሜን በቃሬዛ ተሸክመው የጋፋትን ዳገት ሲወጡ እኔ ከፊት ከፊት እሄድ ነበር። ከኋላ መከተል የሬሳ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልሞተም። ቀኑ ታኅሣሥ ሃያ ስድስት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ዘመነ ዮሐንስ። ከሆስፒታሉ በር ባጃጅ ብንለምን ጠፋ፤ ቤንዚን ያለው አይወጣም፣ የሚወጣው ቤንዚን የለውም። የቅሬያችን፣ የእድራችን፣ አራት ወንዶች ጋቢያቸውን አጣፍተው ትከሻቸውን ሰጡን።

የፊቱን ቀኝ የያዘው ጥላዬ ነው። ጥላዬ የሰበካ ጉባኤው አባል ነው፣ የሰፈራችንም ገናዥ ነው። ወንድ በሞተበት ቤት ሁሉ ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ነው የሚያጥብ፣ እሱ ነው የሚገንዝ። ሬሳ ላይ ያየውን ተናግሮ አያውቅም፤ ገናዥ እጅ እንጂ ምላስ የለውም ይላል። በቁም ላለ ሰው ግን ምላሱ ጅራፍ ነው። ያን ዕለትም ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ፣ መሪጌታ ሥጋዎን ቅኔ በልቶት ክብደቱ የዳዊትዎ ብቻ ነው ሲል ቀለደ። ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ዳዊቱን ደግመውት ቢያውቁ ይቀልልዎት ነበር አለው። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ጥላዬም ሳቀ። ሳቁን ሳይ፣ ይኼ ሰው የያዘውን ቢያውቅ እዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ያወርደው ይሆን አልሁ በልቤ።

ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተው አዩት፣ መልሰው ሰፉት፣ ቤቱ ገብቶ ይረፍ አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ አልወቅሳቸውም። ግን ቤቱ ከዓባይ ማዶ፣ እነብሴ ነው። በዚያ ዓመት መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። ኅዳር ላይ በተከፈተችው ሳምንት በእስቴ በኩል መጣልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የተሻገረ የለም። ስልኩም ከተዘጋ ሰንብቷል። እንግዲህ ወንድሜ ዳኛቸው የሚሞተው እኔ ቤት፣ የሚቀበረውም እኔ ደብር ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ተሸካሚዎቹ ያላወቁት የያዙት ሰው የቅባት መሪጌታ መሆኑን ነው። እኔም፣ ስድሳ ዓመት አብሬያቸው ደጅ የሳምሁት የሺ፣ የቅባት ልጅ ነኝ።

ፊደል አልቆጠርሁም። ግን አባቴ ካህን፣ አያቴ ካህን፣ ቅድመ አያቴ አለቃ ነበሩ፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ያዳመጠ የሚበቃውን ያህል ያውቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። አምላክ ሰው ሆነ፤ እዚህ ላይ የሚጣላ የለም። ያ የለበሰው ሥጋ፣ የሚርበው፣ የሚደክመው፣ የእኔና የእናንተ ዓይነቱ ሥጋ በምን ከበረ? ተዋሕዶዎቹ ቃል ስለ ተዋሐደው ከበረ፣ ሌላ የተጨመረለት የለም ይላሉ። የእኛዎቹ አብ በመንፈስ ቅዱስ ቀባው፣ በዚያ ከበረ ይላሉ። በጸጋ ልጅ ሆነ፣ ልደቱም ሦስት ነው የሚሉ ሌሎችም ነበሩ። በዚህ ነገር ነገሥታት ፊት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራከሩ። እዚሁ ደብረ ታቦር ራሶቹ በተቀመጡበት ዘመን፣ አንዱ ወገን ሲሾም ሌላው ጓዙን ይሸክፍ ነበር አሉ። ኋላ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደረገ፣ ተዋሕዶ ረታ፣ ያልተቀበለ ይውጣ ተብሎ አዋጅ ተነገረ። ቅድመ አያቴ አለቃ ሣህሉ ያን ጊዜ ከዚህ ከእኛ ዳገት በታች የአንድ ደብር አለቃ ነበሩ። አዋጁን በሰሙ በነጋታው ዳዊታቸውን አንግተው፣ ሚስታቸውን በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ በሰባራ ድልድይ ዓባይን ተሻገሩ። የአባታቸውን መቃብር መሸከም ስላልቻሉ እሱን ትተውት ሄዱ። ዳዊቱ ያው ዳገቱን ሲወጣ በወንድሜ ደረት ላይ የነበረው ነው።

እኔ በዚያው ድልድይ ተመልሼ መጣሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለመርሻ፣ ለተዋሕዶ ገበሬ ዳሩኝ። እናቴ ቀድማ ሞታ ዳኛቸውን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያጎረስሁት እኔ ነበርሁ። ስሄድ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በቅሎዋን ተከትሎ ሲያለቅስ በግድ መለሱት። አባቴ እስከ ድልድዩ ሸኙኝና ከርካቡ ሥር ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ባልሽ የሚበላውን ብዪ፣ እሱ በሚሳለምበት ተሳለሚ። በአራት ዓመት አንድ ቀን ብቻ የእኔ ልጅ ሁኚ።»

ያቺ አንድ ቀን ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ናት። በሌላው ዓመት ገና ለሁሉም ሃያ ዘጠኝ ነው። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ግን ተዋሕዶዎቹ፣ ጳጉሜ ስድስት ሆና ስለ ዋለች፣ እመቤታችን የፀነሰችበትን ቆጥረው አንድ ቀን አስቀድመው ሃያ ስምንትን ያከብራሉ። የእኛዎቹ ቀኑን አያነቃንቁትም፤ ሃያ ስምንት ለእነሱ ገና ጾም ነው። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ አንዱም በተቆጠረለት ቀን አልመጣም፤ ስለዚህ በቆጠራው ማንንም አልከራከርም። ግን ሃያ ስምንትን አልገድፍም። ለቤቱ ሰው ሁሉ እሠራለሁ፣ አቀርባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ወደ እኔ አፍ ግን አይገባም።

መርሻ በመጀመሪያው ዘመነ ዮሐንስ ነቃብኝ። ሌላ ወንድ ቢሆን አባቴ ቤት ይመልሰኝ ነበር። እሱ ግን በዓሉ ሲደርስ፣ እንግዳው ሁሉ እያየ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አፌ ድረስ ያመጣና መልሶ ራሱ ይጎርሰዋል። «ለእሷ አይገባትም፣ ወጡን አቅጥናዋለች» ይላል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔን የሚያይ አይኖርም። እስኪሞት ድረስ እንዲህ ሸፈነኝ። ከሞተ በኋላ ራሴን በሥራ እሸፍን ነበር። አሥራ አራት ዘመነ ዮሐንስ አለፈ፣ አንዱንም አላጎደልሁ። ለልጆቼ አልነገርሁም፤ የማያውቁትን አይናገሩም ብዬ። ስሕተቴ ይኼ ነው፤ የማያውቀው ሰው ነው የሚናገረው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀሐይ እንዲሞቀው ደጅ አወጣነው። ፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ እጁ ግን ዳዊቱን አልለቀቀም። ልጄ ማስተዋል ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ጠብቆ፦

«እታለም፣ ያዝሽው?» አለኝ።

ምኑን ብዬ አልጠየቅሁትም። «አሥራ አራቱንም» አልሁት።

ፈገግ ሲል ጥርሱ ብቻ የድሮው ጥርስ ነበር። ማዶ ሆኖ በየአራት ዓመቱ፣ ዛሬ የሺ ትበላ ይሆን እያለ ያስብ እንደ ነበር ነገረኝ፤ አባታችንም ሲሞቱ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

«ሃያ ዘጠኝን ባየው ደስ ይለኛል። ካላየሁትም ጾሜን እንደያዝሁ ልሂድ። እንዳታስገድፊኝ።»

«አላስገድፍህም» አልሁት፤ በአባታችን አጥንት ማልሁለት።

እሑድ ሃያ ስምንት ነው። ማስተዋል ከቅዳሴ ተመልሳ ዶሮውን አቀረበች። ለአጎቷ ፈረሰኛዋን አውጥታ በትንሽ ሳህን ወሰደችለት። ነገ ልጄ፣ ነገ ነው አላት፤ በሶ በጥብጭልኝ አለ። እሷ በሽታው ቀን ያጠፋበት መሰላት። ጥላዬ የታመመ ሊጠይቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበርና እየሳቀች፣ አጎቴ ገና ነገ ነው ይላል፣ እንዲያው ምን ይሻለዋል አለችው።

ጥላዬ አልሳቀም። እነብሴ፣ መሪጌታ፣ ዘመነ ዮሐንስ፤ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ሲደምር ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ዓይኑ ወደ እኔ ሳህን ዞረ። አልተነካም። ምሕረት ያውርድላችሁ ብሎ ሳይቀመጥ ሄደ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አባ ሙሉቀንን ይዞ ተመለሰ። አባ ሙሉቀን የንስሐ አባቴ ናቸው። የተወለዱ ለት ገንፎውን ያገነፋሁ እኔ ነኝ፤ ዛሬ መስቀላቸውን ተሳልሜ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ሥርዓት ነው። በሽተኛው እንዳይሰማ ከጌሾው አጠገብ ቆምን። ጥላዬ ቀደመ። የሰበካ ጉባኤው ከሦስት ዓመት በፊት የቆረጠውን ቃል አስታወሰኝ፤ ሃይማኖቱ ያጠራጠረ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፣ በግቢው አይቀበርም። እኔም ሲቆረጥ ከሴቶቹ ጋራ ተቀምጬ ነበር። አንገቴንም ነቅንቄያለሁ።

«አባቶቻችን በአዋጅ ያስወጡትን እኛ በቃሬዛ አስገባነው፤ በገዛ ትከሻችን» አለ።

«ከረከሰብህ ትከሻህን ታጠበው» አልሁት። «የት ልቅበረው? ማዶ አልሻገር። ወንዙ ዳር ላድርገውና ጅብ ያውጣው?»

ጅቡን ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት ወንዙ ዳር የተቀበረ አንድ መንገደኛ ጅብ አውጥቶት የቀረውን የሰበሰበ እሱ ነው።

አባ ሙሉቀን መሬት መሬት ያዩ ነበር። ወጣት ናቸው፣ ጢማቸውም ገና አልሞላም፤ ግን ሞኝ አይደሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እማማ የሺ፣ ስለ ሃይማኖቱ ቃል አልጠይቀውም። ቃል ከጠየቅሁት ይመልስልኛል፤ የተማረ ሰው ነው፣ አይዋሽም። ከመለሰልኝ ደግሞ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም። አንድ ጉርሻ ይብላ። ዛሬ፣ እኔና ጥላዬ እያየን። በላ ብዬ እመሰክራለሁ፣ ከባለቤትዎ ጎን ይቀበራል።»

ይህን ደግነት ብለው ነው ያመጡት። ደግነትም ነበር፤ ነገሩን ክፉ ያደረገው እሱ ነው። ቢጨክኑብኝ ኖሮ ተሳድቤ አባርራቸው ነበር።

ገባሁ። ዳኛቸው ዓይኑ ተከድኖ፣ ትንፋሹ እየቆየ እየቆየ ይመጣ ነበር። ሳህኑን አነሣሁ። ሁለቱ ከበሩ አጠገብ ቆሙ፣ ማስተዋል ምን እንደ ሆነ ሳይገባት ውኃ ያዘች። ጠቀለልሁ። ትንሽ አደረግሁት፤ ለሕፃን የሚያደርጉትን ያህል። እጄ አላመነታም፣ አፍራለሁ ግን እውነቱ ይኼ ነው። በአንድ በኩል መሐላዬ፣ በሌላ በኩል ጅቡ። ጅቡን በዓይኔ አየሁት፤ አባቴን ማየት አቃተኝ።

«ዳኙ» አልሁት፤ «አፍህን ክፈት።»

ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆሙትን፣ ቀጥሎ እጄን። ሁሉም ገባው። ያን ያህል ፈጥኖ እንዲገባው አልፈለግሁም ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው አፉን ከፈተልኝ። አጎረስሁት። ከንፈሩን ገጠመ፣ መንገጭላው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑን መልሶ ከደነ።

አባ ሙሉቀን አማተቡ፣ «በላ» አሉ። ጥላዬ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እማማ የሺስ?» አለ። «እኅት አይደሉ? ዛሬ የእርስዎ ሳህን ሳይነካ አይቻለሁ።»

አባ ሙሉቀን በቃ ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። እኔ ባልበላ የእሱ ጉርሻ ያጠራጥራል፤ ይህ ለሁላችንም ግልጽ ነው። መርሻ ቢኖር ጉርሻዬን ከአፌ መልሶ ይወስድልኝ ነበር። ቁጭ ብዬ፣ እያዩኝ፣ ከዚያው ሳህን ጎረስሁ። አኘክሁ። ዋጥሁ። ሁለተኛም ጨመርሁ፣ እንዳያንሳቸው። ልጄ እጇ ይጣፍጣል፤ ወጡ ጥሩ ነበር። ባይጥመኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ። እጁ ዳዊቱ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ አልሞላለትም፤ የእሱ ገና ሲነጋ ነበር። ማስተዋል ጮኸች፣ ሴቶቹ መጡ። እኔ አላለቀስሁም። ሰዎቹ ኩራት መሰላቸው፤ ኩራተኛ መሆኔን ያውቃሉ።

ጥላዬ ሊያጥበው ገባ። ሁለት ረዳቶች ውኃ እያቀበሉት ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጅጌው እርጥብ ነው፤ ፊቱም የወትሮው ፊት አልነበረም። ከሰዎቹ ዓይን አርቆ ከገለባው ክምር ኋላ ጠራኝ። ጭብጡን ፈታ። ከመግነዙ በተቀደደች ቁራጭ ሻሽ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ነበረች።

«ጉንጩ ውስጥ ነበረች» አለኝ። «እንዳጎረሱት ናት።»

አየኋት። ለሕፃን የሚበቃ ጉርሻ፣ አንድ ጎኗ ላይ የጥርስ ምልክት ብቻ። ሦስት ሰዓት ያህል በጉንጩ ይዟት ነበር። ምራቁን እንኳ እንዴት እንደዋጠ እንጃ። እኛ ፊት አፉን የከፈተው ለእኔ ብሎ ነው፤ እንዳላፍር፣ እንዳልለምን። የዘጋው ለራሱ ነው።

«ረዳቶችህ አዩ?»

«አፉን የማጥብ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ሂድና ለጉባኤህ ንገር» አልሁት።

ጥላዬ ገለባውን አየ፣ ሰማዩን አየ። «ገናዥ ምላስ የለውም» አለ። ከዚያ እኔን ሳያይ፦ «አንቱን ይብሉ ያልሁዎ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ገናዥ አልነበርሁም» ብሎ ወደ ሬሳው ተመለሰ።

ጉርሻዋን ጌሾው ሥር ቆፍሬ ቀበርኋት፤ ውሻ እንዳያወጣት ድንጋይ ጫንሁባት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበርነው። ሙሉ ፍትሐት ተደረገለት፣ ካህናቱ ሁሉ ቆሙ፣ ጥላዬ ከፊት በቀኝ በኩል ተሸከመው። አባ ሙሉቀን ያለቀሱ ይመስለኛል። ለሰፈሩ በዓሉ ትናንት አልፏል፤ በየግቢው የዶሮ ላባ ተበትኖ፣ ውሾቹ ጠግበው ተኝተዋል። የእሱ ገና ግን ያ ቀን ነበር። አለቃ ሣህሉ በአዋጅ የወጡበት አፈር የልጅ ልጃቸውን ልጅ በመስቀልና በጽንሐሕ ዕጣን ተቀበለው። ይህን ያየ ሰው ጠቡ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ያለቀ ነገር የለም። እኔና ጥላዬ ዝም አልን፣ ሌላው አላወቀም፤ ይኸው ነው።

ከቀብር መልስ ሰዎቹ ሊያጽናኑኝ ተቀመጡ። አንዷ፣ እንኳን በሃይማኖቱ ሞተ አለችኝ። አዎ፣ በሃይማኖቱ ነው የሞተው አልኋት። ማስተዋል ሳህን አቀረበችልኝ፤ ዛሬ መብላት ይፈቀድልኛል፣ በአባቴም ቆጠራ በሌላውም። ሳህኑን ወደዚያ ገፋሁት።

የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ሁለት ሺህ ሃያ ላይ ነው፤ እደርስ እንደሆን እግዜር ያውቃል። ብደርስ እጾመው ይሆናል፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። አባቴ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። በዚያ እሑድ፣ እኔ ስጎርስ፣ አንድ ቀራቸው፤ እሱንም ሰኞ ቀበርነው።